ለሦስት ቀን ወደ ሮም፦ በአውሮፓ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ለአጭር እረፍት ሮምን ማየት የሚፈልጉ ተማሪዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልሱ ከዚህ በታች ቀርቧል፤ ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሌላ የሸንገን አገር የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ጣልያን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግዎትም። ከሸንገን አባል አገሮች በአንዱ የተሰጠና ጊዜው ያላለፈ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የረጅም ጊዜ ብሔራዊ ቪዛ ያለው ሰው፣ የጸና ፓስፖርቱን አብሮ እስከያዘ ድረስ፣ በሌሎቹ አባል አገሮች በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል። «ድንበር ላይ የሚፈትሽ የለም» ብሎ ፓስፖርቱን ቤት ትቶ ካርዱን ብቻ ይዞ የሚወጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህ ስሕተት ነው። ሁለቱ ሰነዶች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው መብቱ የሚጸናው፤ በባቡር ከኦስትሪያ ወይም ከስዊዘርላንድ ለሚገባ ሰው ደግሞ ፖሊስ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ ሰነድ መጠየቁ እንግዳ ነገር አይደለም።

በብሪታንያ ወይም በአየርላንድ የሚማሩ ከሆነ ግን ሁለቱም አገሮች ከሸንገን ውጭ ስለሆኑ የአጭር ጊዜ ቪዛ ማውጣት ግዴታ ነው። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የ15 ቀኑን መደበኛ የመመርመሪያ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ ስላደረገው፣ ትኬት ከመግዛት በፊት ቀኑን ከዚያ አንጻር ማስላት ይገባል።

ስንት ቀን ይበቃል? መቼስ ብሄድ ይሻላል?

ሦስት ሙሉ ቀን ይበቃል፤ ይህን ስል ግን ሁሉን ለማየት ሳይሆን ያዩትን በደንብ ለማየት ነው። አንዱን ቀን ለኮሎሲየምና ለጥንታዊው ፎረም፣ ሁለተኛውን ለቫቲካን፣ ሦስተኛውን ያለ ዕቅድ በእግር ለመንሸራሸር መመደብ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁሉ የሚመክሩት ነው። በሁለት ቀን ሮምን፣ በማግስቱ ፍሎረንስን፣ ማታ ደግሞ ቬኒስን ልይ ያለ ተማሪ ሲመለስ የሚያስታውሰው የባቡር ጣቢያዎቹን ነው።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ፣ የገና ሰሞንን ሳይጨምር፣ ርካሽም ጸጥ ያለም ነው። ነሐሴ ሙቀቱ የሚያዝል ከመሆኑም በላይ ነሐሴ 15 ቀን በሚከበረው በዓል ሰሞን የሰፈር ምግብ ቤቶች ዘግተው ባለቤቶቹ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ።

የተማሪ ገንዘብ ነው ያለኝ። ስንት ልያዝ?

ከትኬትና ከማደሪያ ውጭ ለሦስት ቀን ከ120 እስከ 150 ዩሮ ቢይዙ ሳይጨነቁ ይከርማሉ። የአውቶቡስና የሜትሮ አንድ ትኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስ እየቀያየሩ መሄድ ይፈቀዳል፣ በሜትሮ መግባት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የወረቀት ትኬት ከሆነ አውቶቡሱ ውስጥ ባለው ማሽን ካልተመታ እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ከ50 ዩሮ በላይ ነው።

ማደሪያ ሲይዙ በኢንተርኔት የሚያዩት ዋጋ ብዙ ጊዜ የከተማውን ግብር አይጨምርም። ግብሩ በሰውና በሌሊት ተሰልቶ፣ በማደሪያው ደረጃ ልክ፣ እዚያው ይከፈላል። ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ጥግ «ናሶኔ» የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ሌት ተቀን ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ያፈስሳሉ። ወደ ታች የሚወርደውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ስለሚፈነጥቅ ያለ ኩባያ መጠጣት ይቻላል። ባዶ የውኃ መያዣ መያዝ በቀን አምስት ዩሮ ያተርፋል።

ርካሹን የአውሮፕላን ትኬት ስገዛ ምን ልጠንቀቅ?

ሁለት ነገር። የመጀመሪያው የሻንጣ ልክ ነው፤ በዋናው ዋጋ የሚፈቀደው ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ስለሆነ፣ መንኮራኩር ያለው የእጅ ሻንጣ ይዞ በር ላይ የደረሰ ሰው ከትኬቱ የበለጠ ሊከፍል ይችላል።

ሁለተኛው የእኛ ፓስፖርት ያዦች ጉዳይ ነው። አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች ከአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ውጭ ያለ ተሳፋሪ ወደ ፍተሻ ከመግባቱ በፊት ሰነዱን በሻንጣ ማስረከቢያው መስኮት እንዲያስመረምር ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ጠዋት በ12 ሰዓት በረራ የመሳፈሪያ ወረቀቴን ይዤ በቀጥታ እስከ መውጫው በር ሄድኩ፤ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና ማኅተም እንደሌለው ነግራ ወደ ኋላ መለሰችኝ። ተመልሼ፣ ተሰልፌ፣ አስመትቼ፣ ፍተሻውን በድጋሚ አልፌ ስደርስ በሩ ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ሻንጣ የሚያስረክቡት ባይኖርም ሁለት ሰዓት ቀድመው ይገኙ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ እንዴት ልግባ?

ሮም ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያ አላት፦ ትልቁ ፊዩሚቺኖ፣ ትንሹ ቻምፒኖ። ከፊዩሚቺኖ በቀጥታ ወደ ቴርሚኒ ጣቢያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ሻትል አውቶቡሶቹ ግማሽ ያህል ያስከፍላሉ፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳሉ። ማደሪያዎ በትራስቴቬሬ ወይም በኦስቲየንሴ በኩል ከሆነ በየጣቢያው የሚቆመው የክፍለ አገር ባቡር በ8 ዩሮ ያደርስዎታል፤ ቴርሚኒ ግን አይገባም። ከቻምፒኖ አውቶቡስ ነው ያለው።

የተማሪ መታወቂያዬ የመግቢያ ዋጋ ያስቀንስልኛል?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኮሎሲየምን በመሰሉ የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ቦታዎች የ2 ዩሮው ቅናሽ የሚሰጠው ተማሪ በመሆን ሳይሆን ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በመሆን ነው። በጀርመን ወይም በሃንጋሪ ዩኒቨርሲቲ መማር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላለው ሰው ይህን ቅናሽ አያስገኝለትም፤ ሙሉውን 18 ዩሮ ይከፍላል። ትኬቱ በስም ስለሚወጣና በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ስለሚመሳከር፣ የጓደኛን ትኬት ይዞ መግባትም አይቻልም።

ነገር ግን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት አንድ በር አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገር ዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕንጻ፣ በቅርስ ጥበቃ፣ ወይም በአርኪዮሎጂና በሥነ ጥበብ ታሪክ ዘርፍ የተመዘገበ ተማሪ የዘመኑን የምዝገባ ማስረጃ ካሳየ በነጻ ይገባል፤ እዚህ ላይ የሚታየው የትምህርት ዘርፉና ዩኒቨርሲቲው ነው። ሥነ ሕንጻ የሚማር የአገር ልጅ ይህን ሳያውቅ ሰልፍ ይዞ ሲከፍል ማየት ያስቆጫል። ማስረጃው በእንግሊዝኛ ወይም በጣልያንኛ ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ ሌላ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ እነዚህ ቦታዎች ለማንም ሰው ነጻ ናቸው፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነው።

የቫቲካን ሙዚየሞች የራሳቸው መንግሥት ስለሆኑ የራሳቸው ደንብ አላቸው፦ እስከ 25 ዓመት ለሆነ ተማሪ የዜግነት ልዩነት ሳያደርጉ በተማሪ መታወቂያ ብቻ ይቀንሳሉ። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ጠዋት ደግሞ በነጻ ይከፈታሉ። ከዚያ ውጭ እሑድ ዝግ ናቸው።

ሳልከፍል ምን ማየት እችላለሁ?

ከሚከፈልባቸው ቦታዎች የማይተናነሱ ብዙ አሉ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነጻ ነው፤ ጠዋት በር ሲከፈት የደረሰ ሰው ሰልፍ የለበትም፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግን ግዴታ ነው። ለነጠላና ለረጅም ቀሚስ የለመደ ሰው ይህ አይከብደውም። በቪንኮሊ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ማይክል አንጄሎ የቀረጸው የሙሴ ሐውልት አለ። ከናቮና አደባባይ አጠገብ ባለው የፈረንሳውያን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ካራቫጆ በቅዱስ ማቴዎስ ሕይወት ላይ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች በተሠሩለት ጸሎት ቤት ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ጥጉ ጨለማ ነው፤ ግድግዳው ላይ ካለው ትንሽ ሣጥን ሳንቲም ሲከቱ መብራት ይበራና ሥዕሉ ከጨለማው ይወጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ሳንቲም የሌለው ሰው ሌላው እስኪከት ቆሞ ይጠብቃል፤ ሳንቲም የሚከት ሰው ሲመጣ ሁሉም ከየአምዱ ጥግ ሰብሰብ ይላል።

ለኦርቶዶክስ ምእመን ሮም ሌላ ትርጉምም አላት። ሐምሌ 5 ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምናከብራቸው ጴጥሮስና ጳውሎስ በሰማዕትነት ያረፉት እዚህች ከተማ ነው፤ የጳውሎስ መቃብር ከከተማው ቅጥር ውጭ በስሙ በተሠራው ባዚሊካ ይገኛል፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ ጎብኚውም ከጴጥሮስ ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው።

ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን እስከ 2023 ድረስ ነጻ ነበር፤ አሁን 5 ዩሮ ይከፈልበታል። ይገባዋል። ጣሪያው መካከል ላይ ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክፍት ዓይን አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ድረስ ይዘንባል፤ ወለሉ ላይ በተፈለፈሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል።

ጾም ላይ ነኝ፤ የአሳማ ሥጋም አልበላም። ምን እበላለሁ?

ሮም ለጾመኛ ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች ትሻላለች። «ማሪናራ» የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ ከዝርዝሩም ርካሹ እሱ ነው። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራው ስፓጌቲም እንደዚሁ የጾም ነው። ደረቅ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ትኩስ የሚባለው የእጅ ፓስታ ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት። ሲያዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» ማለት፣ ያለ አይብ ማለት ነው፣ አይርሱ፤ አስተናጋጁ በልማድ ሊነሰንስበት ይችላልና።

አሳማን ለሚርቅ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ዋናው ጥንቃቄ የሮም ዝነኛ ፓስታዎች ናቸው። ካርቦናራና አማትሪቻና ሁለቱም «ጓንቻሌ» የሚባል የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለባቸው፤ ቁራጩ ከሶሱ ጋር ስለሚመሳሰል አይለይም። በቺዝና በቁንዶ በርበሬ ብቻ የሚሠራው «ካቾ ኤ ፔፔ» ከሥጋ ነጻ ነው። እንጀራ ለናፈቀው ደግሞ በቴርሚኒ ጣቢያ ዙሪያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ስላሉ ሽታው ይመራዋል።

ቡና በቆመበት የሚጠጣ ሰው የሚከፍለው ዋጋና የተቀመጠ የሚከፍለው አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የለመደ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ጣልያንኛ አልችልም። ይቸግረኛል?

ለጎብኚ አይቸግርም። ይልቅስ ሳያውቁት ስንት ቃል እንደያዙ ሲረዱ ይገረማሉ። መንገድ ላይ የሚያነቡት ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ባንዲራ፣ ጎማ፣ ፊርማ፣ ቢራ፣ ሳልሳ ሁሉ ቤትዎ የሚያውቋቸው ናቸው። የሚያስትም አለ፦ «ካፌ» ብለው ካዘዙ የሚመጣልዎት በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ጠንካራ ቡና ነው፤ «ላቴ» ካሉ ደግሞ ወተት ብቻ ይቀርብልዎታል።

ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ምን አለ?

አስጎብኚ መጻሕፍት ገጽ ሙሉ የማይሰጡት ነገር ግን ለእኛ ከኮሎሲየም የማያንስ ብዙ አለ፤ የሚጀምረውም ከባቡር እንደወረዱ ነው። ከቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ ትርጉሙም «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር መንገደኛ የሚረግጠው ስም ከራስ አሉላ ድል የመጣ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ከጣቢያው የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ባለው አትክልት ስፍራ፣ ለእነዚህ ወታደሮች መታሰቢያ የተደረገ ጥንታዊ የግብጽ ሐውልት ቆሟል። ሥሩ ላይ ስማቸው ተዘርዝሯል።

በወረራው ዘመን ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ለገሃር ነቅለው ያመጡትን የሞአ አንበሳ ሐውልት ያስቀመጡት እዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር። በሰኔ 1938 ወጣቱ ኤርትራዊ ዘርአይ ደረስ አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን በጣልያን የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አሳልፎ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ አረፈ። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል። አትክልት ስፍራው ውስጥ ግን ስለ ዘርአይ የሚናገር ነገር ባለማየቴ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሳንድዊች የሚበሉትን ተማሪዎች እያየሁ ቆየሁ።

ሦስተኛው ቦታ ባዶ ቦታ ነው። በሜትሮ ቢ መስመር «ቺርኮ ማሲሞ» ላይ ሲወርዱ ፊት ለፊት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ይታያል፤ ሕንጻው የታቀደው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። በፊቱ ባለው የፖርታ ካፔና አደባባይ ከ1937 ጀምሮ ለስድሳ ስድስት ዓመት የቆመው የአክሱም ሐውልት ነበር፤ ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል። ጣልያን በ1947ቱ የሰላም ስምምነት በ18 ወር ውስጥ የወሰደችውን ቅርስ ልትመልስ ብትፈርምም፣ ሐውልቱ የፈረሰው በ2003፣ በሦስት በረራ አክሱም የገባው በ2005፣ ተተክሎ የተመረቀው በመስከረም 2008 ነው። ዛሬ አደባባዩ ላይ ሁለት አጫጭር ጥንታዊ አምዶች የመስከረም 11 ቀን 2001 ሟቾችን ያስታውሳሉ። ሌላ ስምም ልብ ይበሉ፦ ከላቴራኖ የቅዱስ ዮሐንስ ባዚሊካ ዝቅ ብሎ ያለው መንገድ «አምባ አራዳም» ይባላል፤ በ1936 ከተደረገው ውጊያ የተወሰደ ነው። በጣልያንኛ «አምባራዳን» የሚለው ቃል ትርምስ ማለት ሲሆን የመጣው ከዚሁ ስም ነው ይባላል። ጣልያናዊ ጓደኛዎ ስለ ተዝረከረከ ክፍሉ ሲናገር የእኛን ተራራ እየጠራ መሆኑን አያውቅም።

አበበ ቢቂላ የሮጠበትን መንገድ በእግር መከተል ይቻላል?

በከፊል ይቻላል፤ ከመላው ጉብኝት ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው። መስከረም 10 ቀን 1960 የማራቶኑ ውድድር የተጀመረው ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ሲሆን የተጠናቀቀው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው። ሯጮቹ ሲመሽ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ተመለሱ። አበበ በባዶ እግሩ፣ 11 ቁጥርን ለብሶ፣ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን መጣና የአክሱም ሐውልት በቆመበት አካባቢ ጥሎት ሄደ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነበር፤ ራዲ በ25 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ገባ።

አጭሩ መንገድ ከፖርታ ካፔና ተነሥቶ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና እስከ ቅስቱ ድረስ ነው፤ በዝግታ ቢሄዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። በስተግራ የፓላቲን ኮረብታ ግድግዳ፣ ከፊት ቅስቱ፣ ከኋላው ኮሎሲየም ይታያል። በ2010 ለድሉ ሃምሳኛ ዓመት የተለጠፈ መታሰቢያ በዚሁ ጎዳና ግድግዳ ላይ ስላለ ቀስ ብለው ይፈልጉት። ሲመሽ ይሂዱ፤ አበበም የደረሰው በጨለማ ነው። ግማሽ ቀን ያለው ሰው በ118 ቁጥር አውቶቡስ ወደ አፒያ አንቲካ ወጥቶ ጥቁሩን ድንጋይ ቢረግጥ፣ በባዶ እግር መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ጫማው ውስጥ ያለው እግሩ ይነግረዋል።

በቫቲካን አለ የሚባለውን የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን መግባት ይቻላል?

ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ስሙም «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ነው። የሚገኘው ግን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ማንም እንደ ፈለገ አይገባበትም። ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሰጡት ነው። በእግር ኢየሩሳሌም ደርሰው ከዚያ ሮም የዘለቁ አባቶች ያረፉበት፣ በግዕዝ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮችም ያሉበት ቦታ ነው።

የግዕዝ ኅትመት የተጀመረው በዚህ ማኅበር ዙሪያ ነው፦ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን የሐበሾቹን ዜማ ሰምቶ ቋንቋውን ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን አወጡ፤ በ1649 ደግሞ ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ መምህሩ የሆኑትን ኢትዮጵያዊ አባ ጎርጎርዮስን እዚሁ አገኛቸው። በሩ ቢዘጋብዎትም ቦታውን ከላይ ለማየት የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት 551 ደረጃ መውጣት ይቻላል። ከዚያ ወደ አትክልት ስፍራው ሲያዩ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንጻ ከዛፎቹ መካከል ይታያል።

ሌቦች በዝተዋል ይባላል። ፓስፖርቴ ቢጠፋስ?

የሚያስፈራ ዘረፋ ሳይሆን የእጅ ፍጥነት ያለው ስርቆት ነው ያለው፤ በተለይ ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና በሜትሮ ኤ መስመር። «አፍሪካ! ወንድሜ!» ብሎ እጅዎ ላይ ክር የሚያስር ሰው ክፍያ ሊጠይቅ ነውና እጅዎን ሰብስበው ይለፉ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ በአንድ ኪስ አይቀመጡ። የሁለቱንም ፎቶ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ።

ከጠፋ መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ወይም ካራቢኒዬሪ ወደሚባለው ወታደራዊ ፖሊስ ሄደው «ዴኑንሲያ» የሚባለውን የአቤቱታ ወረቀት ያውጡ፤ ያለ እሱ ቀጣዩ እርምጃ አይሄድም። ቀጥሎ ሮም ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በመሄድ የይለፍ ሰነድ ይጠይቃሉ። የጠፋው የመኖሪያ ካርዱ ከሆነ ግን ኤምባሲያችን ሊተካው ስለማይችል፣ የሚያነጋግሩት ካርዱን የሰጠውን አገር ኤምባሲ ነው። የድንገተኛ ስልክ ቁጥሩ 112 ነው።

ሮም ዘመድ ቤት ባርፍ ለፖሊስ ማሳወቅ አለብኝ?

አዎን፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግዴታ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ዜጋ ከሌላ የሸንገን አገር ጣልያን ሲገባ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ መገኘቱን ማስታወቅ አለበት። ሆቴል ወይም ሆስቴል ያደረ ሰው መዝገቡ ላይ ሲፈርም ይህ ስለሚፈጸምለት ምንም አያደርግም። ሦስት ቀን ብቻ የሚቆይ ሰው ቀነ ገደቡ ሳይደርስበት ስለሚመለስ በተግባር አይነካውም። ዘመድዎ ግን የውጭ ዜጋ ሲያስተናግድ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ የማስታወቅ የራሱ ግዴታ አለበት። አክስትዎ «ልጄ፣ የምን ፖሊስ ነው?» ማለታቸው አይቀርም፤ ቅጹ አንድ ገጽ እንደሆነና ቅጣቱ የሚመጣው በእሳቸው ላይ መሆኑን በትሕትና ያስረዷቸው።

የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፤ በእጄ ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው። ልሂድ?

ከሁሉም ጥያቄ አስቸጋሪው ይህ ነው፤ መልሱም ከአገር አገር ስለሚለያይ ከጓደኛ ልምድ ተነሥቶ መወሰን አይገባም። የእድሳት ማመልከቻ ደረሰኝ በተሰጠበት አገር በሕግ ለመቆየት ያስችላል፤ በሌላ የሸንገን አገር ግን እንደ መኖሪያ ፈቃድ ላይቆጠር ይችላል። ለምሳሌ ጣልያን ራሷ ለምታድሰው ፈቃድ የምትሰጠው ደረሰኝ ወደ ሌሎቹ የሸንገን አገሮች ለመዘዋወር አያገለግልም። «እኔ ሄጄ ተመልሻለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እሱ ያልተጠየቀው ዕድል ቀንቶት ነው፤ አየር መንገዱ በር ላይ ቢመልስዎት የትኬቱ ገንዘብ አይመለስም፣ ፖሊስ ቢይዝዎት ደግሞ ጉዳዩ የቀጣዩ እድሳትዎ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለመኖሪያ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ በኢሜይል ጽፈው የጽሑፍ መልስ ይጠይቁ፤ መልሱ ካልመጣ ካርዱ እስኪወጣ ይቆዩ።

ካርዱ ያላቸውም ቢሆኑ ከጉዞው በፊት ሁለቱን ቀኖች ያመሳክሩ፦ ካርዱ የሚያበቃበትንና ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን። የፓስፖርት እድሳት ወራት ስለሚፈጅ፣ ካርዱ ገና ዓመት ሲቀረው ፓስፖርቱ አልቆ የተገኘ ተማሪ ጥቂት አይደለም።